ሥራ የያዘ ሰው አይነሳም

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ልጆቼን ብጠይቃቸው ዓመቱን ፈልገው ይነግሩኝ ነበር፤ አልጠየቅኋቸውም። የብርዱ ወራት እንደነበረ ግን አውቃለሁ፤ ያን ሰሞን ፍሌሚንግደን ፓርክ በምንኖርበት ሕንፃ የሊፍቱን ቁልፍ በነካሁ ቁጥር ጣቴን ይቆነጥጠኝ ነበር። ቶሮንቶ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። አየሩ ሲደርቅ፣ ሹራብ ስታወልቅ ጭንቅላትህ ላይ ጢጥ ጢጥ ይላል፤ የበር እጀታ ስትይዝ ብልጭ ብሎ ያስደነግጥሃል። ለሌላው ሰው መሳሳቂያ ነው። ለእኛ ሥራ ግን ያቺ ትንሽ ብልጭታ ጠላት ነበረች።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው "ምን ነበር የምትሠራው?" ሲለኝ "ዕቃ አሻጊ ነበርኩ" ብዬ አልፋለሁ። ሙሉውን ብናገር ወይ ያጋነንኩ ይመስላል፣ ወይ ደግሞ ሰውየው "ታዲያ ለምን ሀብታም አልሆንክም?" ይለኛል። እዚህ ግን ሙሉውን ልናገር።

የሠራሁበት ኩባንያ የመንግሥት ነው፤ ነበር ልበል፣ አሁን ሸጠውታል። የሚሸጠው የሰማይ መንገድ ነው። የራሱ ሮኬት አልነበረውም። ሮኬቱ የሌላ አገር ነው፤ የእኛ ኩባንያ ሮኬቱ ላይ ቦታ በጅምላ ይገዛና ለባለ ሳተላይቶች በችርቻሮ ይሸጣል። ለባለቤቴ ይህን ሳስረዳት "እንግዲህ ትኬት ቆራጮች ናችሁ በለኛ" አለችኝ። ከዚያ የተሻለ አገላለጽ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ሰዎቹ የሠሩትን ሳተላይት ወደ እኛ ያመጣሉ፤ እኛ እንጠርገዋለን፣ እንፈትሸዋለን፣ ሮኬቱ ላይ ከሚገጠመው ሣጥን ውስጥ እናስገባዋለን፣ አሽገን በአውሮፕላን እንሸኘዋለን። ሳተላይት ሲባል ቤት የሚያህል ነገር እንዳይመስልህ። እኛ ጋ የሚመጣው አብዛኛው የዳቦ ያህል፣ ቢበዛ የልብስ ሻንጣ ያህል ነው።

እኔ የተማርኩት ደብረ ማርቆስ አጠገብ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። በሱዳን አድርጌ በስደት እዚህ ከደረስኩ በኋላ ሳህን አጥቤያለሁ፣ ፓርኪንግ ጠብቄያለሁ፤ ኩባንያው ውስጥ የገባሁትም ለጽዳት ነው። የመጀመሪያዋ አለቃችን ማርጋሬት የምትባል ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ኮሪደሩን ስወለውል ቆማ አየችኝና "ለምንድን ነው ወደኋላ የምትሄደው?" አለችኝ። "ያጠብኩትን መርገጥ ስለማልወድ ነው" አልኳት። ሳቀች። ብዙም ሳይቆይ ወደ ክሊን ሩም አዛወረችኝ። ደመወዙ ደህና ነበር፤ የመንግሥት ስለሆነም ፔንሽን አለው። ስለሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ክሊን ሩም ማለት አቧራ የማይገባበት፣ ሳተላይቶቹ ተከፍተው የሚሠሩበት ክፍል ነው። ስትገባ ፀጉርህን፣ አፍህን፣ ጫማህን ትሸፍናለህ፤ ዓይንህ ብቻ ይቀራል። ሽቶ የለም፣ ማስቲካ የለም። ማጽዳቱም እንደ ቤት ማጽዳት አይደለም። ጨርቁ ይታጠፋል፣ በአልኮል ይረጥባል፣ ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ይሳባል፤ ያ ፊቱ አበቃ፣ ይገለበጣል። ወዲያ ወዲህ ማሸት ክልክል ነው፤ የሚያሽ ሰው ቆሻሻውን አያነሳውም፣ ያስጎበኘዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ማሰሪያው ነው። ከጠረጴዛው የሚወጣ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ጫፉ እንደ ሰዓት ማሰሪያ ሆኖ እጅህ አንጓ ላይ ይታሰራል። ሰውነትህ ላይ የተጠራቀመውን ብልጭታ ወደ መሬት ይወስደዋል። ካሰርከው በኋላ አንዲት ቁልፍ ትጫናለህ፤ አረንጓዴ ከበራ ታስረሃል ማለት ነው። ሳትታሰር የሳተላይቱን አንጀት ብትነካ ትገድለዋለህ። ሲሞት ደግሞ አይጮኽም፣ አይጨስም። ሰማይ ወጥቶ ነው መሞቱ የሚታወቀው።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። እኛ ጋሼ ነበር የምንላቸው፤ ፈረንጆቹም ሳይቀሩ "ጋሽ" ይሏቸው ነበር። የደሴ ሰው ናቸው። ደሴ ሳሉ ሰዓት ይጠግኑ ነበር፤ እዚህም መጥተው መጀመሪያ ታክሲ ነድተዋል፣ ኋላ ማርጋሬት አገኘቻቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ጣታቸው ረጅም ነው። ጥፍራቸውን የሚቆርጡት ቤታቸው ሳይሆን ሥራ ቦታ ነው፤ ከዚያ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠቡና ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ዝም ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር።

"ምን እየጠበቁ ነው?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ደሜን።"

"ደምዎን?"

"ደረጃ ወጥቻለሁ። ደም ሲሮጥ ጣትም ይሮጣል። ይቀመጥና እንጀምራለን።"

በረመዳን ረቂቁን ሥራ ሁሉ ለራሳቸው ይወስዱታል። "የጾመ እጅ አያልበውም" ይላሉ። የእኔን ሑዳዴ ግን አይቆጥሩልኝም ነበር። "ሽሮ ጠግቦ ጾምኩ የሚል ጎጃሜ" ይሉኛል። ማመስገን አያውቁም። አንድ ቀን ጥሩ አድርጌ ብሎን ሳጠብቅ ደስ ብሎኝ ሳላውቀው አንጎራጎርኩ፤ ቀና ሳይሉ "ያረጋል፣ ሳተላይቷ ዘፈን አላዘዘችም፤ ብሎን ብቻ ነው ያዘዘችው" አሉኝ።

አንድ ልማድ ነበራቸው፤ የአበሻ ሠራተኛ ሁሉ የሚያማቸው በሱ ነው። ማሰሪያው እጃቸው ላይ ካለ ለማንም ሰላምታ አይመልሱም። ቀና አይሉም። ከወንበራቸው አይነሱም። ዕቃ ማሸጊያ ክፍል የነበሩት ልጆቻችን "ሽማግሌው ኮርተዋል" ይሉ ነበር። እኔም መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፤ ጠዋት "እንዴት አደሩ" ብዬ ግድግዳ ያናገርኩ ያህል ስሆን። ኋላ ጠየቅኋቸው።

"ሥራ የያዘ ሰው አይነሳም" አሉኝ። "ከተነሳም ሥራው አብሮት ነው የሚነሳው። ሰዓት ቤት ሳለሁ አንድ የማከብረው ሰው ገባና ብድግ ስል የያዝኳት ፀጉር የምታህል ሽቦ ወለል ላይ ወደቀች። እስከ ዛሬ አላገኘኋትም።"

ማሰሪያውን ሲፈቱ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ጓንት ያጠለቀ እጅ ምንም መንካት ስለሌለበት፣ ገበታ ላይ ያለ ሰው እንደሚያደርገው ክንዳቸውን ይዘረጋሉ፤ አንተ ክንዳቸውን ጨበጥ ታደርጋለህ። እንዲህ እያለ ክፍሉ ሁሉ ለመደው። ማርጋሬትም በክንድ ነበር ሰላም የምትለን። ዕቃቸውን ይዘው የሚመጡ ደንበኞችም በሁለተኛው ቀን በክንድ ሰላም ማለት ይጀምራሉ።

ማርጋሬት ስትወጣ ክሬግ መጣ። ክሬግ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መጻፍ አለብኝ። ስማችንን ያውቃል፣ ልጆቻችን የት እንደሚማሩ ይጠይቃል። የመጣው ግን ከሽያጭ ክፍል ነው። መንግሥት "ይህ ኩባንያ ራሱን ይቻል" ብሏል እየተባለ ይወራ ነበር፤ የክሬግም ሥራ ያን ማድረግ ነበር። በማርጋሬት ጊዜ እንግዳ የሚያየን በመስታወት ነው። ክሬግ መጀመሪያ መስታወቱን እያንኳኳ እጃችንን እንድናወዛውዝ ያደርገን ጀመር። ጋሼ አያወዛውዙም። እኔ የሁለታችንንም አወዛውዝ ነበር። ቀጥሎ እንግዳ እያለባበሰ ወደ ውስጥ ማስገባት ጀመረ። ጋሼ አንድ ጊዜ ሄደው ነገሩት። "ጋሽ፣ ሰው የሚገዛው ያየውን ነው" ብሎ መለሳቸው።

እንግዲህ ያ ቀን መጣ።

ጠረጴዛው ላይ የነበረችው የጢስ ሳተላይት ናት። የሻንጣ ያህል ነበረች፤ ሥራዋ ጫካ ሲቃጠል ጢሱን ከላይ አይቶ መናገር ነው። የሠሯት ወጣቶች ናቸው። መሪያቸው የትውልድ ከተማዋ በሰደድ እሳት የተቃጠለባት ልጅ ነበረች፤ ስታስረክበን ጎኗን እንደ በሬ መታ መታ አደረገቻት። በክንድ ሰላም ማለትንም ቶሎ ነው የለመደችው።

የቀረን የመጨረሻው ሥራ ነበር። ሳተላይት እኛ ጋ እያለ ተኝቶ የሚቆይበት ቀይ መሰኪያ አለው። እሱ ይነቀልና ለጉዞ የሚሆነው መሰኪያ ይተካል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ግን በዚያን ጊዜ የሳተላይቱ ጅማቶች ራቁታቸውን ናቸው። ጋሼ ታስረዋል፣ አረንጓዴው በርቷል፣ ቀዩን ነቅለው ትሪው ላይ አስቀምጠዋል። እኔ አዲሱን ይዤ ከጎናቸው ቆሜያለሁ። በሩ ተከፈተ።

ክሬግ የአገራችንን ሰዎች ይዞ ገባ። ሳተላይት የማስወንጨፊያ ዋጋ ሊጠይቁ የመጡ ናቸው፤ ነጭ ለብሰው ዓይናቸው ብቻ ይታያል። "ሰርፕራይዝ" አለን ክሬግ፤ ደስ ብሎታል። ከመካከላቸው አንድ በጣም የሸመገሉ ሰው ነበሩ፤ ከዘራቸውን ሳይቀር በላስቲክ ጠቅልለውላቸዋል። ጠረጴዛው ድረስ ቀረብ ብለው "እንደምን ዋላችሁ፣ ልጆቼ" አሉ።

ጋሼ ተነሱ።

እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ያን ሁሉ ዘመን ለሚኒስትርም ለዳይሬክተርም ያልተነሱ ሰው ብድግ አሉ። የማሰሪያው ጫፍ ከጠረጴዛው ተፈልቅቆ ሲወጣ ጠቅ ያለው ይሰማኛል። መሰኪያውን ትሪው ላይ አድርጌ እኔም ዞሬ ለሽማግሌው ጎንበስ አልኩ። "የየት ናችሁ?" አሉን። "ደሴ" አሉ ጋሼ፤ "እሱ ደግሞ ጎጃም ነው፣ ይቅር ይበሉት።" ሽማግሌው በሳቅ ተንፈቀፈቁ። አብረዋቸው የመጡት ይጠይቁኝ ጀመር፣ እኔም ጀርባዬን ለጠረጴዛው ሰጥቼ መለስኩ፤ ይህ ምንድን ነው፣ ያ ምንድን ነው፣ ደመወዙስ እንዴት ነው። ክሬግ ይዟቸው ወጣ። ዞር ስል ጋሼ ተቀምጠዋል፤ ማሰሪያው ጠረጴዛው ላይ ተመልሶ ተሰክቷል፣ አዲሱ መሰኪያም ገብቷል።

ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ አላየሁም። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

አሽገን ሸኘናት። ሮኬቱ በሰላም ወጣ፤ አጨበጨብን፣ ክሬግ ዶናት ገዛልን። በማግስቱ ወጣቶቹ የእኛ ካፍቴሪያ ውስጥ ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ድምፅዋን ይጠብቁ ጀመር። ሳተላይት በላያችን ሲያልፍ "አለሁ" ይላል። የእነሱዋ አላለችም። በሚቀጥለውም ቀን አላለችም። ያቺ ልጅ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ሳታነሳ ሾርባዋ ቀዘቀዘ። ጋሼ በአጠገቧ ሲያልፉ ክንዳቸውን ዘረጉላት። አይታ እንዳላየች ሆነች። ጋሼ ለእንግዶቹ መነሳታቸውን ክሬግ ነግሯት ኖሯል።

አጣሪ ሰዎች ከዋናው መሥሪያ ቤት መጡ። ክፍሉ ውስጥ ካሜራ አለ፤ የቀረጸው ግን የእንግዶቹን ጀርባ ነው። ስለዚህ የቀረው የሰው ቃል ብቻ ሆነ። የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ጋሼን ለብቻ ጠርታ "አዎ አስሬያለሁ ካልክ የሚያስተባብልህ ማስረጃ የላቸውም" አለቻቸው። ከዚያች ቃል የሚቀልል ነገር አልነበረም።

በጥያቄው ዋዜማ በሰብዌይ አብረን ወደ ቤት ስንመለስ ለመንኳቸው። ባቡሩ ከብሉር ጣቢያ አልፎ፣ ከመሬት ውስጥ ወጥቶ ድልድዩ ላይ ሆኗል፤ የዶን ሸለቆ በረዶ ከታች ይታያል።

"ጋሼ፣ አስሬያለሁ ይበሏቸው። በሕይወትዎ ሳያስሩ ነክተው ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው ያን ቀንም አስረዋል።"

"ይሆናል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ይሆናል ነው ያልኩህ። መነሳቴን አውቃለሁ። መሰኪያውን ስሰካም ትዝ ይለኛል። መካከሉን ፈልጌ አጣሁት።"

"ለምን ተነሱ ግን?"

"እኔ መች ተነሳሁ? እግሬ ነው የተነሳው፤ እኔን አልጠየቀኝም። ሽማግሌ ቆሞ ተቀመጥ እየተባለ ያደገ እግር አይደለም።"

"ሲያስሩ አይቻለሁ እላቸዋለሁ" አልኳቸው።

"አይተሃል?"

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

"ስማ፣ ያረጋል። ያላየኸውን አየሁ ብለህ ብታድነኝ፣ ከዚያ በኋላ ሻይ ይዘን ፊት ለፊት ስንቀመጥ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ሻዬን አታበላሽብኝ።"

በማግስቱ ሁለታችንንም አንድ ክፍል አስገቡን። "ከእንግዶቹ በኋላ ማሰሪያውን መልሰህ አስረሃል?" አሏቸው። ጋሼ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ እንደ ሥራ ጊዜ፣ ደማቸው እስኪቀመጥ ጠበቁና "አላስታውስም" አሉ። አንደኛው ጠያቂ ደነገጠ። "አላስታውስም ማለት አላሰርኩም ማለት ነው?" አለ። "አላስታውስም ማለት አላስታውስም ማለት ነው" አሉ። እኔን ጠየቁኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ እንደነበር ተናገርኩ። ለምን ጀርባህን ሰጠህ አሉኝ። ለሽማግሌው ጎንበስ ስል አልኳቸው። ተያዩ። እንዲህ ያለውን ምክንያት የሚያስገቡበት ቦታ አልነበራቸውም።

በእኛ ዘንድ ሰው ያላረጋገጠውን አይመሰክርም፤ ለራሱም ቢሆን። እነሱ ዘንድ ግን ለራሱ ያልመሰከረ ሰው ጥፋተኛ ነው። ውጤቱ ሲነበብልን "የእጅ ስህተት" ተባለ። የጋሼ ስም አልተጠራም፤ "ቴክኒሽያን ሁለት" ነው የተባሉት። በሩን የከፈተው ሰው በየትኛውም ቁጥር አልተጠራም። ለደንበኞቹም "ምክንያቱ ታውቋል፣ ተስተካክሏል" ተብሎ ተነገራቸው፤ ሽያጩ ቀጠለ። ጋሼ መሣሪያቸውን በፎጣ ጠቅልለው ወጡ። ለስንብት ማንም ኬክ አልቆረሰላቸውም።

ከዚያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጄ እንደተረጎመችልኝ "ታስረህ በምትሠራበት ጊዜ ማንም ቢገባ ከመቀመጫህ አትነሳ" ይላል። የጋሼን ሕግ ነው የለጠፉት። ጋሼን አስወጥተው።

የእሳቸውን ወንበር ለእኔ ሰጡኝ። እምቢ ልል ነበር፤ ትቼ ልወጣ ወስኜ ደወልኩላቸው። "ብትወጣ ማን ያውቅልሃል?" አሉኝ። "ሁለት ሥራ ፈት ከሚሆን አንድ ይበቃል። ለልጆችህ ምን ልትነግራቸው ነው፣ ለጋሼ ስል ፔንሽኔን ወረወርኩ? ሂድ ቁጭ በል።" ተቀመጥኩ። ግን እጄ እምቢ አለ። አስሬ፣ አረንጓዴውን አይቼ፣ መልሼ እፈታለሁ፣ መልሼ አስራለሁ። ብሎን ስይዝ ጣቴ ይርገበገባል። ሐኪም ሄድኩ፤ ምንም የለብህም አለኝ። ክሬግም አየኝና "እረፍት ትፈልጋለህ?" አለኝ፤ እንደዚህ ያለው እረፍት መመለሻ እንደሌለው አውቃለሁ።

ያን ጊዜ ጋሼ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ አንድ የአበሻ ግሮሰሪ ጥግ ውስጥ፣ በበርበሬው መደርደሪያና በሞባይል ካርዱ መካከል መስኮት የምታህል ቦታ ተከራይተው ሰዓት መጠገን ጀምረው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ና አሉኝ። የመጀመሪያው ቅዳሜ የተበላሸ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። "ምን ላድርገው?" ስላቸው "ፍታው" አሉኝ። ፈታሁት። "አሁንስ?" "ግጠመው።" ሰዓቱ ከድሮም አይሠራም፤ ስለዚህ የማበላሸው ነገር አልነበረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ሰዓት ሰጡኝ። ከዚያ አነስ ያለ፣ ከዚያ የሴት ሰዓት። ስለ ሥራችን አንስተን አናወራም። ጣቴ ሲርገበገብ ካዩ "ደምህ ይቀመጥ" ይሉኛል፣ ሻይ ያስመጣሉ፣ ከሻይ ይልቅ ስኳር የሚበዛበት ሻይ። አንድ ቅዳሜ አንዲት ሴት ሰዓቷን ልትወስድ መጣችና ሰላም ስትለን፣ እኔ ቀና አላልኩም። ብሎን ይዤ ነበር። ስትሄድ ጋሼ "አሁን ዳንክ" አሉኝ። ያመሰገኑኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንደዚያ ሆኜ ቀሪውን ዘመን ጨረስኩ። ኩባንያው ኪሳራ አሳየ፣ ተሸጠ፣ ስሙ ተቀየረ። እኔም ባለፈው ጸደይ ጡረታ ወጣሁ። የድሮ ሰዎች ተጠሩ፤ ክሬግም መጣ፣ ፀጉሩ ሸብቷል፣ አሁን ለሌላ ቦታ አማካሪ ነው። ኬክ በሳህን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና የድሮውን እያነሳ ይስቅ ጀመር።

"ያቺ የጢሷ ሳተላይት ትዝ ትልሃለች?" አለኝ። "ምስኪን ጋሽ። ሮኬቱ እኮ ነው የገደላት።"

"እንዴት?" አልኩት።

"ሮኬቱ ሳተላይቶቹን ሲለቅ ክፉኛ ንጧቸዋል። ከሌላ አገር የተጫኑትም ዝም ብለው ነበር። በዚያው ሳምንት ሰምተናል፤ አላወቅክም እንዴ?"

"በዚያው ሳምንት? ከአጣሪዎቹ በፊት?"

"ምን እናድርግ" አለኝ፤ እንደ ወዳጅ ነው የሚናገረው። "በዚያው ዓይነት ሮኬት፣ በሚቀጥለው በረራ ላይ ገና ያልተሸጠ ቦታ ነበረን። ሮኬቱ ነው ብንል ማን ይገዛናል?" ኬኩን ጎረሰ። ከዚያ ደግሞ "ጋሽ ደህና ነው?" አለኝ።

ደህና ናቸው አልኩት። መጮኽ አላውቅበትም፤ ባውቅበትም ለማን እንደምጮኽ አላውቅም። ሰውየው የደበቀውን ሲናገር ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ምስጢር መሆኑን ራሱ ረስቶታል። ሳህኔን አስቀምጬ፣ የሰጡኝን አበባ ወንበሩ ላይ ረስቼ፣ ወጣሁ።

በሰብዌይ ዳንፎርዝ ወረድኩ። ጋሼ ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ብለዋል። "ጋሼ" አልኳቸው። ቀና አላሉም። ቆሜ ጠበቅኩ። የያዙትን አስቀምጠው ከጨረሱ በኋላ እጃቸውን ዘይት ስለነካው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።

ነገርኳቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አላቋረጡኝም።

"ክሬግ ነው ያለህ?"

"ክሬግ ነው።"

"ኬክ እየበላ?"

"ኬክ እየበላ።"

ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነ፣ ውኃ ሰጠኋቸው። "ምን ዓይነት ኬክ ነበር?" አሉኝ ደግሞ። እኔ ግን ልስቅ አልቻልኩም።

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አልገደሏትም። አስረው ነበር ማለት ነው።"

ውኃውን አስቀመጡ። "ሮኬቱ ገደላት ማለት እኔ አስሬ ነበር ማለት አይደለም" አሉኝ። "ሁለቱም አይተዋወቁም። አሁን ጠይቀኝ።"

"ምን ልጠይቅዎት?"

"እነሱ የጠየቁኝን።"

"ማሰሪያውን መልሰው አስረዋል?" አልኳቸው።

"አላስታውስም" አሉ። "እነሱ መዋሸታቸው እኔን የራሴ ምስክር አያደርገኝም።" መነጽራቸውን መልሰው ዓይናቸው ላይ አደረጉና ሰዓቲቱን አነሱ። ቀና ሳይሉ፣ "ያቺ ልጅ ግን ብትሰማ ጥሩ ነበር" አሉ።

ያቺ ልጅ የት እንዳለች አላውቅም። ይህ ጽሑፍ ቢደርሳትም አማርኛ አታነብም። ክሬግም አያነብም፣ ኩባንያውም የለም። እኔ የምጽፈው ለሌላ ነገር ነው። በዚህ አገር ወረቀት ላይ አንድ ሰው ቴክኒሽያን ሁለት ተብሎ ቀርቷል፤ እኔ ደግሞ የሰው ስም መጻፍ የሚያህል ትምህርት አለኝ። እጄን መልሰው የሰጡኝ፣ ለጡረታ ያበቁኝ ሰው የደሴው ሰዓት ጠጋኝ እንድሪስ ሙሄ ይማም ናቸው።